ጎጆ ያለው ማደሪያ

በሕይወቴ ካደርኩባቸው ቤቶች አንዱንም መርጬ አላውቅም ነበር። ሱዳን ውስጥ ድንኳን ሰጡን፤ አደርንበት። እስራኤል ስንገባ ከእናቴ ጋር ባሕር ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ አስቀመጡን። ሰው ለመዝናናት ከፍሎ የሚያድርበት ቤት ነው ተባልን፤ እኛ ግን ወራቱን ሙሉ «መቼ ነው የምንወጣው?» እያልን ስንጠይቅ ከረምን። በመጨረሻ ፔታህ ቲክቫ፣ ማሃኔ የሁዳ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የአንዲት ጠባብ ቤት ቁልፍ ሰጡን። ቤቷን ሳናያት ፈረምን።

ሰው ቁጭ ብሎ፣ ይህ ይሻላል፣ ያኛው ይቅርብኝ እያለ ማደሪያ እንደሚመርጥ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። የመረጥነውም እዚያው አገር ውስጥ እንዳይመስላችሁ። ስኮትላንድ የሚሉት አገር ጫፍ፣ አንዲት ደሴት ላይ ነበር፤ ያውም በስልክ። እንደዚያ ዓመት ቆሽቴ ያረረበት ጊዜ አላስታውስም።

ሥራዬ አንዲት አሮጊት መጠበቅ ነበር። ቤታቸው ክፋር ጋኒም ነው፤ ጠዋት በአውቶቡስ እሄዳለሁ፣ አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ ሲመሽ ክንዳቸውን ይዤ አናፍሳቸዋለሁ። ትልቅ ሰው በስሙ መጥራት አንደበቴ እምቢ ስላለኝ «እማማ» እላቸው ነበር። የተወለዱት ስኮትላንድ ነው። ዕብራይስጣቸው ከእኔ ቢሻልም እንደ አገሬው ሰው አልነበረም፤ ስንጨቃጨቅ ሁለታችንም ቃል ያጥረናል። ጠባያቸው እሳት ነው። የእኔም አያንስም።

ዓይናቸው እየደከመ ነበር። የሚጠፋው ከመሀል ነው፤ ሰው ሲያዩ ፊቱ ይጠፋባቸውና ጆሮና ጆሮው ብቻ ይቀራል። አንድ ቀን እኔ ሽንኩርት ስከትፍ መጥተው አጠገቤ ቆሙና፣ «ዓይኔ ጨርሶ ሳይዘጋ አንድ ቤት ማየት እፈልጋለሁ» አሉኝ። ቤቱ ያለው እዚያ ደሴት ላይ ነው። በተጋቡ ሰሞን ከባለቤታቸው ጋር ከዓሣ አጥማጆች ተከራይተው ጥቂት ወራት የኖሩበት፣ ቀይ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት። ባለቤታቸው ሞተዋል። ልጃቸው ሥራ አለኝ ብሎ አልሄድም አለ፤ የምትጠብቅሽ ልጅ አብራሽ ከሄደች ግን ወጪውን እኔ እችላለሁ አላቸው።

«ዓይኔ አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ያላ፣ ማደሪያ እንፈልግ።»

እሺ ያልኩት ለእሳቸው ብቻ ብዬ አይደለም። እስከዚያ ቀን የሄድኩበት መንገድ ሁሉ የሽሽት ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሸሹ የሚሄዱበት መንገድ ምን እንደሚመስል ማየት አማረኝ።

መጀመሪያ ያንኑ ቤት ለመከራየት ጠየቁ። በስልክ ያነጋገሯቸው ሰዎች ሁሉ ቀይ ጣሪያ ያለው የሚከራይ ቤት አናውቅም አሉ። እንግዲያስ ቤቱ ካለበት ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ ያንን ቤት ፊት ለፊት የሚያሳይ ማደሪያ ይገኝልኝ አሉ። ልጃቸው የደሴቲቱን ማደሪያዎች ሥዕል የያዘ መጽሐፍ አስመጣ። ችግሩ ግን እሳቸው ማየት አይችሉም፣ እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም። ስለዚህ እኔ ሥዕሉን እያየሁ በተሰባበረ ዕብራይስጥ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ስልክ ቁጥሩን አንድ በአንድ አስቆጥረውኝ ይደውላሉ።

ወደቡ አጠገብ አንድ ነጭ ሆቴል አለ። መስኮቱ ብዙ ነው አልኳቸው። ሲደውሉ መስኮቱ ሁሉ መርከብ ማቆሚያውን ነው የሚያየው ተባለ። ሰዎች ከገዛ ቤታቸው አንድ ክፍል የሚያከራዩበትም አለ፤ ቁርስ አብሮ ይቀርባል። ሥዕሉ ላይ ያለውን ቁርስ ነገርኳቸው፤ እንቁላል፣ ቲማቲም፣ አጠገቡ የተጠቀለለ ቀይ ሥጋ። ሳቁ። የአሳማ ነው አሉኝ። ገጹን ገለበጥኩ። ቀጥሎ ጎማ ያለው የቆርቆሮ ቤት መጣ፤ ሰዎቹ ከፊቱ ወንበር ዘርግተው ይስቃሉ። «እማማ፣ በቆርቆሮ ቤት ለመኖር ስኮትላንድ ድረስ መሄድ ምን አስፈለገን? እዚህም ለአዲስ ገቢ የሚሰጡት እሱን ነው» አልኳቸው።

ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ ሌላ ጭቅጭቅ ይጠብቀኛል። እናቴ ጉዞውን አልወደደችውም።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ትለኛለች። «ምን ጎደለሽና ነው?»

«እማዬ፣ ሥራዬ እኮ ነው።»

«ይሁን። መርገምሽ የመጣ እንደሆንስ የት ትቀመጫለሽ? በሰው አልጋ ላይ?»

ይህን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እኛ ጎንደር ሳለን ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ከቤት ትወጣለች። ከመንደሩ ዳር፣ በድንጋይ የታጠረ፣ የመርገም ጎጆ የሚባል ቤት አለ፤ ቀኗ እስኪያልቅ እዚያ ትቆያለች። ማንንም አትነካም፣ ማንም አይነካትም፤ ምግቧን ከድንጋዩ አጥር ላይ ያኖሩላታል። ቀኗ ሲሞላ ወንዝ ወርዳ ታጥባ ትመለሳለች። ፔታህ ቲክቫ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጎጆ ከየት ይምጣ? እናቴ ቤት ከሚሠራበት ቦታ ድንጋይ ለቅማ፣ ሰው እያያት በደረጃ ተሸክማ አወጣችና ሚርፔሴቱ፣ በረንዳው ማለት ነው፣ በር ላይ ደረደረችው። ከዚያ ወዲህ ቀናችን ሲደርስ ተራ በተራ ሚርፔሴት ላይ እንቀመጣለን፤ ከታች ልብስ ገመድ ላይ ይሰጣል፣ ከላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ጎረቤታችን «እናንተ ሰዎች ቤት የላችሁም እንዴ?» እያለች ትጮህብናለች። ጉዳያችንን የምትከታተል ሠራተኛ መጥታ ድንጋዩን አየችና፣ «እዚህ አገር ሻወር አለ፣ በቂ ነው፤ ድንጋዩን አንሱት» አለችን። እናቴ «በሰደር፣ በሰደር»፣ እሺ እሺ አለቻት። ሠራተኛዋ ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ እናቴ አንዱን የተንሸራተተ ድንጋይ አቃናችው።

በእናቴ የምናደድ መስዬ እታይ ነበር እንጂ ነገሩ የእኔም ነበር። በነዚያ ቀናት ገበታ ላይ ብቀመጥ እህሉ አይወርድልኝም። ለአሮጊቷ ታምሜአለሁ ብዬ እቀር ነበር፤ እሳቸውም ሰነፍ ናት ብለው ያስቡ ነበር። እናቴ ቁርጧን ነገረችኝ፦ ጎጆ ያለው ማደሪያ ካልተገኘ አትሄጂም።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው። አንዲቷ መስኮት ትላለች፣ አንዲቷ ጎጆ ትላለች፤ እኔ መሀል ላይ መጽሐፍ እገልጣለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ አንድ ቤት አየሁ። ነጭ፣ ብቻውን የቆመ፣ ከፊቱ ባሕር። ከኋላው በስተቀኝ ደግሞ ትንሽ የድንጋይ ጎጆ፤ በሯ አጭር፣ መስኮት የላትም፣ ዙሪያዋን ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥር ከቧታል። ብድግ አልኩ። እነሱም አላቸው! አልኩ በልቤ። ለምን አይኖራቸው? ዳር አገር ያለ ሰው ወጉን ቶሎ አይጥልም። ለእኛም እኮ ወጋችንን ያቆየልን ተራራው ነው። ሻወር አለ ብሎ የሚጮህባቸው ሰው ገና አልደረሰባቸውም አልኩ።

ጎጆውን ለምን እንደፈለግኩ ለአሮጊቷ አልነገርኳቸውም፤ ነውር ነው። ቤቱን ግን እንደ ደላላ አደነቅኩላቸው። እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መስኮቱ ወዴት ያያል? ካርታው ላይ በአውራ ጣቴ አስለክተውኝ፣ ባሕረ ሰላጤውን አስዞሩኝና ፊታቸው በራ። ልክ ከዚያ ቤት ፊት ለፊት ነው። ደወሉ። አከራይዋ ሴት አነሳች። ሲያወሩ ቆይተው «ሌላ የምትጠይቂው አለ?» አሉኝ።

«ትንሿ ቤትስ ለእንግዳ ትሆናለች? በሏት።»

ጠየቁ። ከወዲያ በኩል የሴት ሳቅ ተሰማ። «ከፈለገችው ትግባበት ብላለች» አሉኝ። ሳቋን የሴት ለሴት መግባባት አድርጌ ወሰድኩት። ማታ እናቴ ጋ ስገባ ጎጆ ተገኘ አልኳት። እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አመሰገነች፤ ማግስቱን ስንቄን ማዘጋጀት ጀመረች።

ነገሩ አለቀ ብዬ ስል ዋናው ጣጣ መጣ። ቤቱ የሚከራየው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው። የቀድሞዎቹ እንግዶች ቅዳሜ ጠዋት ይወጣሉ፣ አከራይዋ ትጠርጋለች፣ አዲሶቹ ቅዳሜ ማታ ይገባሉ። ደሴቲቱ ላይ ያሉት እንዲህ ያሉ ቤቶች ሁሉ ሕጋቸው አንድ ነው።

«እኔ በሰንበት መንገድ አልሄድም» አልኳቸው።

«አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ በሻባት ስጓዝ ኖሬአለሁ። ምን ሆንኩ?»

«እርስዎ እርስዎ ነዎት። እኔ አልሄድም።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። ሲበርድላቸው አነሱትና እሁድ እንምጣ ብለው ጠየቁ። እሁድ መርከብ የለም፤ የደሴቲቱ ሰዎች እሁድን አጥብቀው ያከብራሉ፣ መርከብ ይቅርና ልብስ እንኳ ገመድ ላይ አያሰጡም ተባለ። ሰኞስ? ሰኞ ከገባችሁ ያለፉት ቀናት ባዶ ይሆኑብኛል፣ እሱን ደግሞ አልፈልግም አለች አከራይዋ። እንዲህ እያሉ ቀናት ሄዱ። እሳቸው በእኔ ይጮኻሉ፣ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ድስት አንኳኳለሁ። ልጃቸው ሌላ ሰው ቀጥሬ ልላክሽ አላቸው። ያን ቀን ደሜ ፈላ፤ ያ ሁሉ ልፋቴ ለሌላ ሰው ሊሆን ነው ብዬ አለቀስኩ፤ እንባዬን ደግሞ ስለማያዩት ይበልጥ ተናደድኩ።

በመጨረሻ አሮጊቷ ምርር ብሏቸው ለአከራይዋ እውነቱን ተናገሩ። ልጅቷ ከኢትዮጵያ የመጣች አይሁድ ናት፣ ድንጋይ ናት፣ በሻባት ብትሞት አትንቀሳቀስም አሏት። ከዚያ አከራይዋ አንድ ነገር ተናገረች፤ አሮጊቷ እየሳቁ ተረጎሙልኝ። «እኔም ቤቴ ቢቃጠል እሁድ ባልዲ አላነሳም። አርብ ትምጣ። ያሉትን እንግዶች ለአንድ ሌሊት እህቴ ጋ አሳድራቸዋለሁ። ፀሐይ ስንት ሰዓት ሳትጠልቅ መድረስ አለባት?»

በዚያ ሰሞን፣ እዚያው እስራኤል ውስጥ፣ አይሁድ መሆናችንን የሚጠራጠር፣ ውሃ ውስጥ ገብታችሁ እንደ አዲስ አይሁድ ካልሆናችሁ የሚለን ሰው አልጠፋም ነበር። ያቺ ሴት አይታኝ አታውቅም። የጠየቀችው ስለ ፀሐይ ብቻ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንባዬ መጣ፤ እሱም ከንዴት ነው።

የመንገድ ወረቀት ለማውጣት የተሰለፍኩትን ላውራ ብል ሌላ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ ልዝለለው። ብቻ አርብ ከሰዓት በኋላ ከመርከብ ወረድን። አከራይዋ ደረቷ ሰፊ፣ ጉንጯ ቀይ፣ ብዙ የማትናገር ሴት ነበረች። ቤቱ ንጹሕ ነው። እኔ ሰንበቴን ልቀበል ተቀምጬ ፀሐይዋን ብጠብቅ ብጠብቅ አልጠልቅም አለች። የዚያ አገር ፀሐይ በዚያ ወራት እንደ ግትር በቅሎ ነው የምትቆመው። እራታችን ቀዘቀዘ፣ አሮጊቷ ተቀምጠው እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ ብርሃኑ አሁንም አለ።

ሰንበት ሲወጣ ጎጆዋን ልይ ብዬ ሄድኩ። በሯን ገፋሁት። ውስጧ እስከ ጣሪያው ድረስ ከረግረግ ተቆፍሮ የደረቀ፣ የሚነድ ጥቁር አፈር ተከምሮባታል። ጥግ ላይ የተቀዳደደ የዓሣ መረብ አለ። የመርገም ጎጆ ሳይሆን የማገዶ ቤት ናት። አከራይዋ ለምን እንደሳቀች ያን ጊዜ ገባኝ። ሳያት በምልክት፣ «ምን ልታደርጊበት ነው?» አለችኝ። ምንም ብዬ ሄድኩ። የእናቴን ምስጋና፣ የስንቁን ዝግጅት ሳስበው ራሴን በጥፊ መምታት አማረኝ።

መስኮቱም ቢሆን ከጎጆዋ አልተሻለም። ከደረስን ጀምሮ ማዶውን ጉም ሸፍኖታል፤ ከሰንበት ማግስት ጀምሮ ደግሞ ዝናብ ተጨመረ። ያ ሁሉ የተጮኸለት መስኮት ነጭ ነጩን ብቻ ያሳያል። አሮጊቷ ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊቱ ወንበር ያስዘረጉኝና፣ «ተገለጠ?» ይሉኛል። «አልተገለጠም» እላለሁ። ከሰዓትም ያው ነው። አንዳንዴ ጉሙን እኔ ያወረድኩት ይመስል ይቆጡኛል። «ለዝናብ ዝናብማ ጎንደርም ነበረልኝ» ብዬ መለስኩላቸው።

ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን መርገሜ መጣ። ሌሊቱን ሳልተኛ አነጋሁና ብርድ ልብሴን ይዤ ማገዶ ቤቱ ገባሁ። ከጥጉ የተወሰነውን አንስቼ መቀመጫ አበጀሁ። አፈሩ እጄን አጠቆረኝ፤ ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። አገራችን እያለን ጎጆው ውስጥ ሌሎች ሴቶች አሉ፤ ይወራል፣ ይሳቃል፣ ጸጉር ይሠራል። እዚህ እኔና መረቡ ብቻ ነን። አንድ ዓመት ሙሉ የተጨቃጨቅኩት ለዚህ ነው? እያልኩ ሳለሁ በበሩ በኩል አንድ ነገር ዓይኔን ወጋኝ። ፀሐይ ነበረች። ጉሙ ተነሥቷል።

አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ይዘው ግቢው መሀል ቆመው ይጠሩኛል። «ሙቀቱ ፊቴ ላይ ተሰማኝ! የት ነሽ? ወደ ባሕሩ ውሰጂኝ!»

ከበሩ ሳልወጣ ነገርኳቸው። ነውሩንም፣ ሁሉንም፤ ባለችኝ ዕብራይስጥ።

«ጎጆ ጎጆ ያልሽው ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«እጅሽን ስጪኝ።»

«አልችልም እማማ። አልነካዎትም።»

«ነገ እኮ እንሄዳለን!»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያስ ከጭቃሽ ጋር ተቀመጪ» አሉና ብቻቸውን ጀመሩት። መንገዱ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ ግራና ቀኙ ቦይ ነው፣ ድንጋዩ ገና አልደረቀም። ቆሜ አየኋቸው። ወደ ግራ ሲያዘነብሉ «ያሚና! ወደ ቀኝ!» ብዬ ጮኽኩ። አቃኑ። ትንሽ ሄዱና ወደ ቀኝ አበዙት። «ስሞላ! ወደ ግራ!» አልኩ። ከዚያ ነፋሱ ድምፄን ወሰደው። ምርኩዛቸው የቦዩን አፋፍ ስቶ አየር ሲመታ አየሁ። ሮጥኩ። እጃቸውን በሙሉ እጄ፣ ከነአፈሩ፣ ያዝኩት።

እንደተያያዝን አሸዋው ድረስ ወረድን።

«ምን ይታያል?» አሉኝ።

«አሸዋው ነጭ ነው። ውሃው አረንጓዴ ነው። ማዶው ጥርት ብሎ ይታያል።»

«ቀዩ ጣሪያስ?»

ፊታቸውን ሳየው ዓይናቸው ማዶውን ሳይሆን ሰማዩን ያያል። ያን ጊዜ ገባኝ። «እማማ፣ ዳር ዳሩንም አያዩም?»

«አላይም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምናው ፔሳህ ጀምሮ።»

ከአምና ፋሲካ ጀምሮ! መጽሐፉን ገና ሳልገልጥ ነው። ያ ሁሉ መስኮት፣ ያ ሁሉ ስልክ፣ ያ ሁሉ ጩኸት። በንዴት፣ ሳላለሳልስ እውነቱን ነገርኳቸው። «ጣሪያ የለም። ግድግዳው ብቻ ነው የቀረው። ውስጡ በጎች አሉ።»

«በሩስ? የበሩ ክፍተት ወዴት ነው?»

«ወደ ባሕሩ።»

«አዎ፣ ወደ ባሕሩ ነበር» አሉ። ደግሞም፣ «ባሌ ሞቷል። የኔም ዓይን ሄዷል። ያን ቤት ያየ ሰው ሳይኖር እንዳይቀር ብዬ ነው ያመጣሁሽ። አትቸኩዪ፣ በደንብ እይው» አሉኝ።

ንዴቴ ገና አልወጣልኝም ነበር። እጃቸውን እንደያዝኩ ግድግዳውን፣ በሩንና በጎቹን ሁለታችንም እስኪበርደን ድረስ አየሁላቸው።